የላንድሮቨር ትክክለኛ ቸርኬ የቱ ነው?

አሮጌ መኪና በመንገድ ዳር ቆሞ ሲታይ ተመልካች ሁሉ የሚጠይቀው ነገር የታወቀ ነው። አንዱ «ሞተሩ ይነሣል ወይ?» ይላል። ሁለተኛው ስለ ቀለሙ ያነሣል። ሦስተኛው ዋጋውን ይጠይቅና ራሱን ነቅንቆ መንገዱን ይቀጥላል። ዝቅ ብሎ ቸርኬውን የሚመረምር ግን ከመቶ ሰው አንድ ቢገኝ ነው። ሆኖም ሞተር በጕዞ ላይ ቢጠፋ መኪናው ይቆማል እንጂ ሌላ ብዙ ጉዳት የለውም፤ ቸርኬ በቍልቍለት መንገድ ላይ ከቡሎኑ ቢላቀቅ የሚሆነውን ግን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ዛሬ ለአንባብያን ለማቅረብ ያሰብነው ስለዚሁ ስለ ተረሳው ቸርኬ ነው። ይኸውም ስለ ማንኛውም ቸርኬ ሳይሆን አባቶቻችን በቆላም በደጋም ስለሚያውቁት ስለ ረዥሙ የላንድሮቨር ፒክ አፕ ነው። እነዚህ መኪናዎች ዛሬ ከሥራ መሣሪያነት ወደ ቅርስነት እየተሻገሩ ስለ ሆነ፣ እጅግ የወደዷቸው ሰዎች ከፋብሪካ እንደ ወጡ አድርገው ሊያድሷቸው ይደክማሉ። በዚህም ድካም ውስጥ ቀላል መስሎ የሚታየው፣ ሲገቡበት ግን የሚያስቸግረው፣ ትክክለኛውን የብረት ቸርኬ ማግኘት ነው።

የመኪናው ትውልድ

የሚከተሉትን ዓመታት ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የታየው በ1948 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር መጨረሻ በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነበር። አሳቡን ያመነጨው የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ ነው። ዊልክስ በዌልስ በአንግልሲ ደሴት በነበረው እርሻው ላይ ከጦርነቱ የተረፈች የአሜሪካን ጂፕ ይነዳ ነበርና፣ «ይህች ባረጀች ጊዜ በምን እንተካታለን?» ከሚለው ጥያቄ የአዲሱ መኪና አሳብ ተወለደ።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር፣ የመኪናው አካል በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅልቅል ተሠራ። እንግዲህ የብዙ ላንድሮቨር አካል ከስልሳ ዓመት በኋላም ሳይዝግ የምናየው ከዚህ የተነሣ ነው። ሻንሲውና ቸርኬው ግን ብረት ናቸው። ዝገት የሚበላው፣ ሸክም የሚያደክመውም እነርሱን ነው።

መጀመሪያ የተሠሩት አጫጭሮቹ ነበሩ። ረዥሙ ፒክ አፕ፣ በፊትና በኋላ ጎማው መካከል 107 ኢንች ርቀት ያለው፣ ለ1954 ዓ.ም. ሞዴል መጣ። በ1956 ዓ.ም. ርቀቱ 109 ኢንች ሆነ፤ ይኸውም ወደ ሁለት ሜትር ከሰባ ሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚያም ሁለተኛው ሲሪዝ በ1958፣ «ሁለት ኤ» የሚባለው በ1961፣ ሦስተኛው በ1971 ዓ.ም. ተከተሉ። ሦስተኛው ሲሪዝ በ1985 ዓ.ም. ሲያበቃ፣ የእነዚሁ ዝርያ የሆነውና በኋላ ዲፌንደር የተባለው መኪና በሶሊሀል ፋብሪካ እስከ ጥር ወር 2016 ዓ.ም. ድረስ ሲሠራ ቆየ።

ምርቃት የመሰለ ወጥመድ

ቸርኬውን ከመኪናው ሞዞ ጋር የሚያያይዙት አምስት ቡሎኖች ናቸው። በእነዚህ በአምስቱ ቡሎኖች መካከል የሚያልፍ ክብ ብናሰምር፣ የክቡ ስፋት ስድስት ኢንች ተኩል፣ በሚሊ ሜትር ደግሞ 165.1 ይሆናል። የሚገርመው ነገር ይህ ልክ ከመጀመሪያው ላንድሮቨር እስከ 2016ቱ ዲፌንደር ድረስ ሳይለወጥ መኖሩ ነው። በ1970 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሬንጅሮቨርና በ1989 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ዲስከቨሪም ይህንኑ ልክ ወርሰዋል።

ለባለ መኪና ይህ ምርቃት ይመስላል። በጭንቅ ቀን ከየትኛውም ዘመድ መኪና ላይ ቸርኬ ተውሶ መንገዱን ሊቀጥል ይችላልና። ለአዳሹ ግን ወጥመድ ነው። አምስቱም ቀዳዳዎች በአምስቱ ቡሎኖች ላይ ልክ ሲገቡ ያየ ሰው፣ ቸርኬው የዚያው መኪና ነው ብሎ ያምናልና። ከዚያም ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲበደር፣ ሲለዋወጥ፣ ሲጠገንና ሲተካ የኖረ መኪና በመጨረሻ አራት እግሩ ከአራት ቤት የመጣ ሆኖ ይገኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጃችን ከአባቱ የወረሰውን የ«ሁለት ኤ» ፒክ አፕ ለማደስ ሲነሣ አብረነው ወደ ሶማሌ ተራ ወርደን ነበር። አራቱም ቸርኬዎች አንድ ዓይነት ቀለም ስለ ተቀቡ ወዳጃችን አንድ ዓይነት መስለውት ነበር። በአካባቢው የሚሠሩ አንድ ሸምገል ያሉ ጎሚስታ ጎማዎቹን አውልቀው ሲለኳቸው ግን ሁለቱ ብቻ የራሱ የረዥሙ መኪና ሆነው ተገኙ። ሦስተኛው የአጭሩ ላንድሮቨር፣ አራተኛው ደግሞ የሬንጅሮቨር ነበር። ወዳጃችን «ጋሼ፣ ሁሉም ግጥም ብሎ ገብቶ የለም እንዴ?» ቢላቸው፣ «መግባቱንማ ይገባል፤ እኔ የምጠይቀው አቀማመጡን ነው» አሉት። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር በዚች አንዲት መልስ ውስጥ ይገኛል ብንል ማጋነን አይሆንም።

አለካኩ እንዴት ነው?

አንደኛ፣ የቡሎኑ ክብ። ቀዳዳው አራት ወይም ስድስት በሆነ ቸርኬ ላይ ከአንዱ ቀዳዳ መካከል ፊት ለፊት እስካለው መካከል መለካት ይቻላል። አምስት ሲሆን ግን ለአንዱ ቀዳዳ ፊት ለፊት የሚቆም ሌላ ቀዳዳ ስለሌለ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች፣ ከአንዱ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላው ግራ ጠርዝ ድረስ ለክቶ የተገኘውን ቍጥር በ1.7 ማባዛት ነው። በላንድሮቨር ላይ በሁለቱ መካከል 97 ሚሊ ሜትር ያህል ይገኛል። በሩሲያው ኡአዝ ላይ፣ ምንም እንኳ ቀዳዳው አምስት ቢሆን፣ የሚገኘው 82 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ «አምስት ቀዳዳ ያለው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይናገርም።

ሁለተኛ፣ የቸርኬው ስፋት። የአጭሩ ላንድሮቨር የተለመደ ቸርኬ 5.00F×16 ሲሆን፣ የረዥሙ 5.50F×16 ነው። አሥራ ስድስቱ የክቡ ልክ በኢንች ነው። «F» የሚለው ፊደል የጠርዙን ቅርጽ ያመለክታል። አምስቱና አምስት ተኩሉ ደግሞ የጎማው ከንፈር በሚያርፍባቸው በሁለቱ ጠርዞች መካከል፣ በውስጥ በኩል የሚገኘው ስፋት ነው። ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ የሚለካ ሰው የብረቱን ውፍረትና የጠርዙን እጥፋት ጨምሮ ስለሚቈጥር ጠባቡን ቸርኬ ሰፊ ነው ብሎ ይገዛል። ረዥሙ ፒክ አፕ 7.50-16 የሚባለውን ትልቅ ጎማ ስለሚያደርግ፣ ያ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ ጎኑ ይጣበቃል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ጭነት ሲጫንም ግራና ቀኝ ይዋልላል። የወዳጃችን ሦስተኛ ቸርኬ ይህን ነበር የሚያደርገው።

ሦስተኛ፣ አቀማመጡ። ጎሚስታው የጠየቁት ይህንኑ ነው። ቸርኬው በሞዞው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከቸርኬው ስፋት እኩሌታ ምን ያህል ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ፈቀቅ ብሏል? ይህን ለማወቅ ቸርኬውን በፊቱ አስተኝቶ፣ በጀርባው ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሞ፣ ከብረቱ እስከሚያርፍበት ገጽ ድረስ መለካት ነው። ከዚህ ላይ የቸርኬውን ጠቅላላ የውጭ ስፋት እኩሌታ ቢቀንሱ የሚቀረው መልሱ ነው። ለምሳሌ ያህል ጥልቀቱ 110፣ ጠቅላላ ስፋቱ 160 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ እኩሌታው 80 ስለ ሆነ ልዩነቱ 30 ይሆናል። አራቱም ቸርኬዎች አንድ መልስ ካልሰጡ አንድ ቤተ ሰብ አይደሉም።

ይህች ልዩነት በዓይን አትታይም፤ በመንገድ ላይ ግን ትታያለች። ቸርኬው ከተገቢው በላይ ወደ ውጭ የወጣ እንደ ሆነ፣ የመኪናው ክብደት በሞዞው ኩሽኔታ ላይ እንደ ረዥም መፈንቀያ ይጫነዋል፤ መሪውም ይከብዳል። ወደ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ደግሞ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ጎማው ከባሌስትራው ወይም ከመሪው ዘንግ ጋር ይነካካል። አንዱ ወገን እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ሲሆን ፍሬን በተያዘ ጊዜ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። ሾፌሩም ፍሬኑን ሲያስጠግን፣ መሪውን ሲያስፈትሽ ገንዘቡን ይጨርሳል እንጂ ችግሩ ከቸርኬው መሆኑን አይጠረጥርም።

ትንሿ ዳዶ

ቸርኬው ትክክል ሆኖ ዳዶው ግን የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። የድሮዎቹ ላንድሮቨሮች የቸርኬ ቡሎን በእንግሊዝ ጥርስ የተሠራ፣ 9/16 ኢንች ውፍረት ያለው ነው፤ ይህም 14.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ግን ፋብሪካው ወደ 16 ሚሊ ሜትር ቡሎን ተሻገረ። ስለዚህ የአዲሱ ዳዶ በአሮጌው ቡሎን ላይ ይላላል። ይህን የመሰለውን ዳዶ በኀይል አጠበቅሁት ብሎ መንገድ መውጣት ሕይወትን በክር አንጠልጥሎ እንደ መሄድ ነው።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። በኋላ ዘመን ለወታደር ላንድሮቨር የተሠሩት «ዎልፍ» የሚባሉት ጠንካራ ቸርኬዎች፣ ምንም እንኳ በአምስቱ ቡሎን ላይ ቢገቡ፣ የመኻል ብረታቸው ወፍራም ነው። በአጭሩ በድሮው ቡሎን ላይ ሲቀመጡ ለዳዶው የሚተርፈው ጥርስ ጥቂት ይሆናል። በጠቅላላው ዳዶው ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት በሚያህል ርዝመት ጥርስ መያዝ አለበት ሲሉ መካኒኮች የሚያስተምሩት ሕግ እዚህም ይሠራል።

ዳዶው ላልቶ የኖረ ቸርኬ ራሱ ይመሰክራል። ቀዳዳዎቹ ክብነታቸውን ትተው የእንቍላል ቅርጽ ይይዛሉ። ከየቀዳዳውም ዙሪያ የዝገት ጭረት እንደ እንባ ፈስሶ ይታያል። እንዲህ ያለው ቸርኬ ምንም ያህል የመጀመሪያው ቢሆን ወደ መንገድ መመለስ የለበትም።

ሪቬት፣ ከመነዳሪና ስንጥቅ

የቀደሙት ቸርኬዎች የመኻሉ ብረትና የዙሪያው ብረት የተያያዙት በሪቬት ነው፤ የኋለኞቹ በብየዳ ተያይዘዋል። ለመኪናው ዘመን የሚስማማውን መምረጥ ለአዳሹ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በሪቬት የተያያዘ ቸርኬ በሪቬቱ ዙሪያ አየር ስለሚያሳልፍ ያለ ከመነዳሪ አይሠራም። ከመነዳሪ የሌለውን የዛሬ ጎማ በዚህ ቸርኬ ላይ አስገብቶ «ለምን በየቀኑ ይተነፍሳል?» ብሎ ጎማ ነጋዴውን መክሰስ አይገባም።

ስንጥቅን ለማግኘት የድሮ ወርክሾፕ ዘዴ አለ፤ ላምባና ጠመኔ ብቻ ይበቃል። ቸርኬው በሚገባ ታጥቦ ቀለሙ ከተነሣ በኋላ በቡሎኑ ቀዳዳዎችና በብየዳው ዙሪያ ላምባ ይቀባል። ጥቂት ቆይቶ ላዩ በጨርቅ ተጠርጎ ሲደርቅ የጠመኔ ዱቄት ይነሰነስበታል። ስንጥቅ ካለ በውስጡ የተደበቀው ላምባ ወጥቶ በነጩ ዱቄት ላይ ጥቍር መሥመር ይሥላል። ከዚህም የተነሣ ብልህ ገዢ አዲስ ቀለም ተቀብቶ የሚያብረቀርቀውን ቸርኬ ትቶ የዛገውን ይመርጣል። ዝገት ይታያል፤ ቀለም ግን ይሸፍናል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ማከል ይገባናል። ለወታደር ከተሠሩት ላንድሮቨሮች በአንዳንዶቹ ላይ የሚገኘው ቸርኬ ከሁለት ግማሽ የተሠራና ሁለቱ በዙሪያው ባሉ ብዙ ዳዶዎች የተያያዙ ነው። ጎማው አየር እንደ ያዘ እነዚህን ዳዶዎች የፈታ ሰው፣ ሁለቱ ግማሾች በአየሩ ኀይል ተለያይተው እንደ ጥይት ይመቱታል። ቸርኬውን ከሞዞው የሚፈቱት አምስቱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት አየሩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ አይነኩም።

ምልክቱና ቀለሙ

በብዙ ቸርኬ ላይ የሠሪው ምልክት፣ ልኩና የተሠራበት ጊዜ በብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ በቀስታ ማንሣት፣ ከዚያም መብራቱን ከፊት ሳይሆን ከጎን ማብራት ነው፤ የጠፋ የመሰለው ፊደል በጥላው ይነበባል። የተቀረጸው ዓመት ከመኪናው ዓመት ጋር ከተቀራረበ ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ቀለሙም ይናገራል። በመጀመሪያው ሲሪዝ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ የመኪናውን አካል ቀለም ይቀባ ነበር። በኋለኞቹ ግን «ላይምስቶን» የሚባለው፣ ወተት የመሰለው ቀለም የተለመደ ሆነ። በአንድ ጥግ ላይ ቀለሙን በስስ ወረቀት እየፈተጉ ወደ ታች ቢወርዱ፣ ቸርኬው በዕድሜው የለበሰው ሁሉ በየተራ ይታያል። ዳግመኛ ሲቀባ ግን ዳዶው በሚያርፍበት ሾጣጣ ስፍራ ላይ ወፍራም ቀለም መተው አይገባም። ቀለሙ ሲጨፈለቅ የጠበቀው ዳዶ ይላላልና።

የመጀመሪያው ማለት ምን ማለት ነው?

እስካሁን «ትክክለኛ» ስንል ቆየን። ነገር ግን ይህ ቃል ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ከዚሁ መኪና ጋር ከፋብሪካ የወጣው ቸርኬ ነው። ሁለተኛው በዚያው ዘመን ለዚያው ዓይነት መኪና የተሠራ፣ ከሌላ መኪና የመጣ ነው። ሦስተኛው በዛሬ ቀን በዚያው ልክ የተሠራ አዲስ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ክብር አላቸው፤ ማታለል የሚሆነው አንዱን በሌላው ስም መሸጥ ነው። ባለ መኪናው ለገዢውም ሆነ ለልጁ «ይህ የራሱ ነው፣ ይህ የዘመዱ ነው፣ ይህ አዲስ ነው» ብሎ ቢያስረዳ ከመኪናው ዋጋ የሚቀነስ ነገር የለም።

የራሱ ሆኖ የተሰነጠቀውንስ ምን እናድርገው? አንዳንዱ «ታሪኩ እንዳይጠፋ» ብሎ በብየዳ ያስደፍነዋል። በእኛ አስተያየት ይህ ትክክል አይደለም። ብየዳው በጎኑ ያለውን ብረት በሙቀት ስለሚያደክመው፣ ስንጥቁ ከተደፈነው አጠገብ እንደገና ይከፈታል። የመኪናው ታሪክ እንዳይቋረጥ ተብሎ የሰው ታሪክ መቋረጥ የለበትም። እንዲህ ያለው ቸርኬ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይከበር፤ መንገዱን ጤነኛው ይሂድበት።

ይህ ሁሉ ለአሮጌ መኪና ወዳጆች ብቻ የሚሆን ወሬ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ወጣቱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አንድ ቀን በግዢ ወረቀት ላይ «ለላንድሮቨር የሚሆን፣ አምስት ቀዳዳ ያለው፣ አሥራ ስድስት ኢንች ቸርኬ» ብሎ ቢጽፍ፣ ነጋዴው የሬንጅሮቨሩን አምጥቶ ቢያስረክበው በምን ቃል ይመልሰዋል? በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ተፈጽሟልና። ጥፋቱ ከነጋዴው ሳይሆን ስፋቱን፣ አቀማመጡንና የቡሎኑን ልክ ካልጻፈው ብዕር ነው። ተማሪውም ቢሆን ክብን በአምስት መክፈል በጥቍር ሰሌዳ ላይ የሚቀር ትምህርት አለመሆኑን ከዚህ ይረዳል።

በሶማሌ ተራና በየከተማው ጎሚስታ ቤት የዚህ ዓይነት ዕውቀት በብዙ ሽማግሌዎች እጅ አለ። ነገር ግን በእጃቸው እንጂ በወረቀት አይደለም። እነዚህ መኪናዎች በየጓሮው ከመበተናቸው በፊት ልካቸውን መዝግቦ ማስቀመጥ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ አንድ ሜትር፣ አንድ ደብተርና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። መጠየቅ የማያፍር ወጣት ከተገኘ ሽማግሌዎቹ ለመናገር አይሰስቱም።